በገበያ ቀን የተዘጋው በር

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየኋቸው። ከፊታቸው የንስሐ አባቴ ነበሩ። እንደ ሌላው ጊዜ ግራ ቀኝ ሰላምታ እየሰጡ አይደለም፤ መሬት መሬት እያዩ ነው የሚመጡት። ከኋላቸው ጎረቤቴ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ የሰፈሬ ሴቶች። አንዷም አታወራም። እኔ በተዘጋው በሬ ፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር።

እኛ ሰቆጣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ቄስ ቀድሞ፣ ዝም ተብሎ ወደ ሰው ቤት ከተመጣ ሌላ ትርጉም የለውም። መርዶ ነው። ወደ ማን ቤት ነው የሚሄዱት ብዬ ዞር አልኩ። ያ መንገድ የሚያልቀው ግን እኔ ቤት ነው፤ ከእኔ ወዲያ ቁልቋልና ገደል ነው ያለው።

ወንዱ ልጄ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ነው ያለው። ለእህቱ ገንዘብ ከላከ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ድምፁን ሳልሰማ ሰንብቻለሁ።

አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ ግን አላወጣሁም። ከበሩ ኋላ ሴት ልጄ ፈተና ላይ ነበረች። የሰው ድምፅ ከተሰማ ፈተናው ይሰረዛል ተብያለሁ። ነጠላዬን ጠቅልዬ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ይህ ፈተና ምን እንደሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ እኔም የገባኝ ቆይቶ ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የውሃ ምህንድስና ተምራለች። ከተመረቀች በኋላ ደሃና ወረዳ ምንጭ የሚያጎለብቱ ሰዎች ጋር ሠርታለች። ቀጥሎ ውጭ አገር ሁለተኛ ዲግሪ ልማር አለች፤ ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ፈልጎ ማግኘት የሚያስተምር ትምህርት ቤት አገኘች። እኔ ወረቀቷን ልካ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ጌሾ እየወቀጥን ሳለን ነው የነገረችኝ።

"እማ፣ ከሌላ አገር ለሚያመለክት ሰው ሁለት ፈተና አለ። አንዱ የእንግሊዝኛ ነው።"

"አንቺ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽው በምንድን ነው?"

"በእንግሊዝኛ።"

"እና ይህን አያምኑም?"

"አያምኑም። ሌላው ደግሞ የሒሳብና የቃላት ነው። ምህንድስና ለመማር የሚያመለክተው ሁሉ ይፈተነዋል።"

"ዲግሪሽስ? ያ ሁሉ ልፋትሽስ?"

"ያዩታል እማ። ግን የእኛን ዩኒቨርሲቲ ከየት ያውቁታል? ከህንድ የመጣው፣ ከቻይና የመጣው፣ ከእኛ የሄደው፣ በአንድ መስፈሪያ መሰፈር አለበት።"

መስፈሪያ ስትል ገባኝ። እኔም ገብስ ስገዛ በሻጩ ጣሳ አልሰፍርም፤ በገበያው ጣሳ ነው። ገባኝ ማለት ግን ደስ አለኝ ማለት አይደለም። ይህን ፈተና የተዉት ትምህርት ቤቶችም አሉ አለችኝ። የተዉት ጋ ለምን አትሄጂም ብላት፣ እነሱ ጋ የእኔ ትምህርት የለም አለችኝ።

የእንግሊዝኛውን መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ አዲስ አበባ ሄዳ ተፈተነችና አለፈች። ለሁለተኛው ልትነሳ ስትል መንገዱ ተዘጋ። አንድ ቀን ይከፈታል ይባላል፣ ሌላ ቀን መኪና ተመለሰ ይባላል። ማመልከቻው የሚያበቃበት ጊዜ ደግሞ እየቀረበ ነው። ኋላ ላይ ቤት ተቀምጦ በኮምፒውተር መፈተን ይቻላል የሚል አገኘች። ክፍያውን ወንድሟ ላከላት፤ ኮምፒውተር ከሥራ ባልደረባዋ ተዋሰች። ይሄ ከተበላሸ ለዘንድሮ ሌላ ዕድል የለም አለችኝ።

ቤት ተቀምጣ መሆኑን ስሰማ እፎይ ብዬ ነበር። ደንቡን ስትነግረኝ ነው የደነገጥኩት።

"ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አይኖርም። በሩ ይዘጋል። እስከሚያልቅ ከወንበሬ አልነሳም። የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ በካሜራው ያየኛል፤ ይሰማኛል።"

"የት ሆኖ?"

"እንጃ። ሌላ አገር።"

"የእኔን ቤት ያያል?"

"ያያል። ከመጀመሬ በፊት ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ኮምፒውተሩን እያዞርኩ አሳየዋለሁ።"

አልጋዬ ሥር የጌሾ ጆንያ፣ አሮጌ ጫማና የተሰነጠቀ ጋን ነው ያለው። አንድ የማላውቀው ባዕድ አገር ሰው እሱን ሊያይ ነው። በማግሥቱ ሁሉንም አውጥቼ መሬቱን በእበት ለቀለቅሁት።

"ራስሽንስ ትከናነቢያለሽ?" አልኳት።

"የለም። ጆሮዬ መታየት አለበት። ሻሽም ነጠላም አይፈቀድም። ሰው ከገባ፣ ሰው ካናገረኝ፣ እኔ ከተነሳሁ፣ ይሰረዛል። ከዚያም በኋላ እንድፈተን ላይፈቅዱልኝ ይችላሉ።"

እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። የማውቀው ፈተና መምህሩ ሰሌዳ ላይ ጽፎ እኛ የምንገለብጠው ነው። በሰው ድምፅ የሚሰረዝ ፈተና ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተረበሸ። የምፈራው ልጄ አታውቅም ብዬ አይደለም። የፈራሁት ሰፈሬን ነው።

የእኔ ቤት ጠላ ቤት ነዋ። የፈተናው ቀን ደግሞ የገበያ ቀን ላይ ዋለ። ከዝቋላ ፍየል ነድቶ የመጣው፣ ከደሃና ገብስ ጭኖ የመጣው፣ ሸጦ ሲጨርስ አረፍ የሚለው እኔ ጋ ነው። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ ልጆቼን ያሳደግሁት በዚያ ነው። በገበያ ቀን በሬ ተዘግቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ጠዋት ደጅ ላይ በዘንግ የምሰቅለውን ጣሳ አወረድኩ። ውሻውን ዘመድ ቤት ወስጄ አሰርኩት። አውራ ዶሮውን ታቅፌ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩና፣ "እስከ ከሰዓት ያዢልኝ፣ እኔ ቤት ድምፅ እንዳይሰማ ነው" አልኳት። "ምነው?" አለችኝ፤ "ተይኝ" ብያት ተመለስኩ። ለምነው የሚበሉትን የቆሎ ተማሪዎች መንገድ ላይ ጠብቄ፣ "ዛሬ በእኛ በር በኩል አትለፉ ልጆቼ" አልኳቸው፤ ዳቦውን እዚያው ሰጠኋቸው። ምክንያቱን ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። ልጅ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል አይወራም፤ የሰው ዐይን አለ። ልጄን አስገብቼ በሩን ዘጋሁና ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ነው እነዚያ ሴቶች የመጡት።

በሩ ጋ እንዳይደርሱብኝ ተነስቼ ሄድኩባቸው። ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ በሌላው እጄ እንዲቆሙ ምልክት ሰጠኋቸው። አባ ቆሙ። ሁሉም ቆሙ።

"አባቴ" አልኩ፣ በሹክሹክታ። "ቀስ ብለው ይንገሩኝ። አልጮህም። እባክዎ፣ ማንም እንዳይጮህ ብቻ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ" አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ። "ብቻሽን ይዘሽው ዋልሽ።"

"ምኑን ነው የያዝኩት? ይንገሩኝ እንጂ።"

አባ ዘወር ብለው ጎረቤቴን አዩዋት። ጎረቤቴ አባን አየቻቸው።

"አንቺ አልሰማሽም እንዴ?" አለችኝ።

"እኔ ምንም አልሰማሁም። እናንተ ናችሁ የሰማችሁት። ከሳዑዲ ማን ደወለ?"

"ማንም አልደወለም።"

"ታዲያ ማን ነገራችሁ?"

ጎረቤቴ በአገጯ ወደ ቤቴ እያመለከተች፣ "በርሽ" አለችኝ።

"በሬ ምን ሆነ?"

"ተዘጋ። በገበያ ቀን ተዘጋ። ዶሮሽን አምጥተሽ ሰጠሽኝ። ድምፅ እንዳይሰማ አልሽኝ። የልጇን ወሬ ሰምታ ለእህቱ እስክታረዳት ደብቃ ይዛዋለች አልን። ብቻዋን አትሁን ብለን መጣን።"

"ጣሳውንም አውርደሻል" አለች አንዷ ከኋላ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን።

"በሬን አይታችሁ ነው ልጄን የገደላችሁት?" አልኳቸው።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ መቀመጥ ሳይሆን ወደቅሁ ነው የሚባለው። ልሳቅ ይሁን ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱም ደግሞ ድምፅ አላቸው፤ ድምፅ ደግሞ ክልክል ነው። ነጠላዬን ነከስኩ። ጎረቤቴ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ጀርባዬን ትደባብሰኛለች።

ፈተናውን የነገርኳቸው ያኔ ነው። የሰው ዐይን የፈራሁት ሁሉ ፊቴ ተሰብስቧል፤ ምን ልደብቅ?

"አሁን ሰውዬው ያያታል?" አለች ጎረቤቴ።

"ያያታል።"

"ሳትከናነብ?"

"ጆሮዋ መታየት አለበት።"

"በጆሮዋ ምን ሊያደርግ?"

"ጆሮዋ ውስጥ መልስ የሚነግራት ነገር እንዳይኖር ነው።"

"አልጋ ሥር ማን ሊደበቅላት ነው? እኔ ሒሳብ አውቅ መስሎት ነው?"

አባ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑት። "እኛም ቅኔ ቤት ስንፈተን መምህራችን ዐይን ዐይናችንን ያዩ ነበር" አሉ። "አልጋ ሥር ግን አያዩም፤ አልጋም አልነበረን።" ከዚያ ቆጣ ብለው፣ "በሉ ተቀመጡ። ማንም እንዳያልፍ" አሉ። ሁሉም መንገዱ ላይ ተደረደሩ፤ ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነው። ከሩቅ ያየን ሰው ድምፅ አልባ ልቅሶ ላይ ነው ያሉት ይል ነበር።

ትንሽ እንደቆየን ጎረቤቴ ብድግ አለች። ፊቷ ተለዋውጧል።

"እቴ" አለችኝ፣ "የባልሽ አክስት።"

"ምን ሆኑ?"

"ከጽጽቃ መጥተው ገበያ ላይ ነበሩ። ሰው ልኬ አስነግሬያቸዋለሁ።"

የባሌን አክስት የማያውቅ የለም። እኛ ጋ ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ለቅሶውን ቤት ደርሶ አይጀምርም፤ ቤቱን ቁልቁል ከሚያይበት ዳገት ላይ ነው የሚጀምረው። እሳቸው ደግሞ ድምፃቸው ከአንዱ ጋራ ሌላው ጋራ ይደርሳል፤ ለቅሶ ላይ የሚጠሩት ለዚያ ነው። ጎረቤቴ ጫማዋን ጥላ ዳገቱን ሮጠች። ሁለት ሴቶች ተከተሏት።

አልደረሱባቸውም።

ከቁልቋሉ ኩርባ ላይ ጩኸቱ ወጣ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነው፤ የልጄን ስም እየጠሩ፣ አባቱን እየጠሩ፣ ያገሩን አፈር ያልቀመሰ እያሉ። አንድ ጊዜ፣ ረዥም። ከዚያ ተቋረጠ። ጎረቤቴ ደርሳ በነጠላዋ አፋቸውን ይዛቸዋለች። ብትራቸውን አንስተው ትከሻዋን ሲሏት ከታች አየሁ።

እኔ በዳገቱና በበሩ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ልጄ እንዳልሞተ፣ ቢያንስ ማንም ሞተ እንዳላለ፣ አሁን ሰምቻለሁ። የዚያ ጩኸት መነሻ የእኔ የተዘጋ በር እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙ በለቅሶ ዜማ ሲጠራ ግን ውሸት መሆኑን እያወቅሁ አንጀቴ አመነው። በሩን አየሁት። አሁን ትወጣለች አልኩ። የወንድሟን ስም ሰምታ እንዴት አትወጣም? ፈተናው አለቀለት፤ ወንድሟ የላከው ሁሉ፣ የደከመችበት ሁሉ።

በሩ አልተከፈተም።

ይህ ደግሞ ይብስ አስደነገጠኝ። ራሷን ስታ ወድቃ ይሆን? ልግባ ብል ላሰርዝባት ነው። ወንበሯ ላይ ተዝለፍልፋ ከሆነ ደግሞ እኔ ደጅ ቆሜ ነው። አባ እጄን ያዙኝ። "ቆዪ" አሉኝ።

አክስትየዋን ደግፈው አመጧቸው። ነገሩን በሹክሹክታ አስረዷቸው፤ እሳቸው ግን ሹክሹክታ አያውቁበትም።

"ልጄን እንዳላለቅስ ማን ነው የከለከለኝ?"

"አልሞተም እናቴ። ቀስ ይበሉ።"

"አልሞተም?"

"አልሞተም።"

"እንግዲያው ጠላ ስጡኝ" አሉ።

"ጠላው ቤት ውስጥ ነው። በሩ አይከፈትም።"

"ጠላ ቤት ደጃፍ በውሃ ጥም ልሞት ነው" አሉና ብትራቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። "ዕንባዬን አውጥቼ ጨርሻለሁ።"

ጎረቤቴ ትከሻዋን እያሸች፣ "ለእኔም ቢሆን አልቅሱልኝ" አለች።

የበሩ ጥላ እየተሳበ ሄዶ እግሬ ላይ ደረሰ። እኔ የእመቤቴን ስም በልቤ እየጠራሁ ዐይኔን ከበሩ አላነሳሁም።

በሩ ተከፈተ።

ልጄ ራሷን ሳትሸፍን፣ ፊቷ አመድ መስሎ ደፉ ላይ ቆመች። ነጠላ ዘቅዝቆ የለበሰውን ሰው ሁሉ በዐይኗ ዞረችው። አባን አየች። የአባቷን አክስት አየች። በመጨረሻ እኔን አየችኝ።

"እማ" አለች። "ወንድሜ ነው አይደል?"

"የለም፤ ማንም አልሞተም። በሩን አይተው ነው። ተሳስተው ነው።"

አላመነችኝም። ለመርዶ የመጣ ሰውም መጀመሪያ የሚለው እንደዚያ ነውና ወደ አባ ዞረች።

"አባ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።"

"ስህተት ነው ልጄ። በክህነቴ፣ ማንም ምንም አልሰማም። እኛ ነን የተሳሳትነው።"

ያኔ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷ ስትጀምር ሴቶቹም ጀመሩ። ለልቅሶ ብለው ከቤታቸው ወጥተው ያ ሁሉ ሰዓት ይዘውት ነበር። አክስትየዋም ዕንባዬ አለቀ ያሉት ቀርቶ ከማንም በላይ ጮኹ። ማንም ዝም አላሰኛቸውም።

ሲበርድላት ነገረችኝ። ጩኸቱ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰምቷል። ወዲያው የሚጠብቃት ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ምንድን ነው የምሰማው ብሎ ጻፈላት። ከውጭ ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም ብላ መለሰች። እንደገና አሳዪኝ አላት። ከወንበሯ ሳትነሳ ኮምፒውተሩን አንስታ በሩን፣ መስኮቱን፣ ያን የለቀለቅሁትን አልጋ ሥር አሳየችው። ቀጥዪ አላት።

"ፊቴ የነበረው ጥያቄ ሁለት ቧንቧ አንድ ታንከር በስንት ሰዓት ይሞላሉ የሚል ነው" አለችኝ። "ውሃ ሥራዬ ነው እማ። ደጋግሜ አነበብኩት፣ አልገባህ አለኝ። የምሰማው ስሙን ብቻ ነበር።"

"እንዴት ሳትነሺ ቀረሽ?" አልኳት። ልቆጣት አልነበረም። እኔ ብሆን በሩን ሰብሬ ነበር የምወጣው።

ዕንባዋን በእጇ ጠረገች።

"ሞቶ ከሆነ የሰጠኝ የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው አልኩ። ብነሳ ይህንንም ልገድለው ነው ብዬ ነው የተቀመጥኩት።"

የዚያን ቀን ብዙ ነገር አስደንግጦኛል። ከሁሉም ግን እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ይህ ቃል ነው። ይህችን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኳት። እንደዚያ መቀመጥ ከየት እንደተማረች አላውቅም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ውጤቱ ለጊዜው ታይቷታል፤ ነገር ግን ካሜራው የቀረጸውን አይተው ካልተስማሙ ሊሰርዙት ይችላሉ አለች። ደግሞም ልጄ አልሞተም አልን እንጂ አለ ያለንም ሰው የለም። ሰፈሩ ነጠላውን አቃንቶ ገባ፤ እኔ ግን ጣሳውን መልሼ መስቀል አልሆነልኝም። ያ በስሙ የተጮኸው ጩኸት ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ጎረቤቴ ዶሮውን ስትመልስልኝ፣ "እኔ ቤት ሲጮኽ ነው የሰነበተው፤ የሚጮኽ ሰው ሲያጣ እሱ ተካ" ብላ ልታስቀኝ ሞከረች። አልሳቅሁላትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች ገባች። ውጤቱ ጸንቷል፤ አልሰረዙትም። ለትምህርት ቤቱም ተልኳል። ይቀበሏት አይቀበሏት ገና አይታወቅም፤ ያ የእነሱ ፈንታ ነው። አቅፌያት ቆመን ሳለን ነው ያ ስልክ እጇ ላይ የጮኸው። የማናውቀው ቁጥር ነው።

"እማ" አለ። ልጄ ነው። ሥራ ቦታ ቀይሮ፣ ስልኩም ተበላሽቶበት፣ በሌላ ሰው ስልክ ነው የደወለው። እንዴት ናችሁ አለኝ። ደህና ነን ልል ፈለግሁ፤ አልወጣልህ አለኝ።

"አለቀሱልህ" አልኩት።

"ማን ሞቶ?"

"አንተ።"

ሁሉን ነገርኩት፤ የበሩን፣ የጣሳውን፣ የእህቱን መቀመጥ። ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ማን ማን መጣ፣ ማን ማን ቀረ ብሎ ይጠይቀኝ ጀመር።

"አክስቴ ከቁልቋሉ ኩርባ ነው የጀመሩት?"

"ከዚያ ነው።"

"ድምፃቸው አሁንም አለ?"

"አለ። ጎረቤታችንንም ትከሻዋን መትተዋታል።"

"ደህና ተለቅሶልኛል እንግዲያ" አለ። ድምፁ መጨረሻ ላይ ተሰበረ፤ እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። ስልኩን ለእህቱ ሰጠሁ። እሷ ያንን የቧንቧ ጥያቄ ትነግረው ጀመር፤ መልሱን አግኝታው ነበር።

እኔ ወጣሁ። ጣሳውን አጥቤ ዘንጉ ላይ ሰቀልኩት፣ በሩንም ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ልጆቼ ሁለቱም አሉ። ፈተናው አልተሰረዘም። አሁን ደህና ነኝ።